ጨው የሌለበት ክረምት

ሰኞ፣ 3

ወንድሜ ዛሬ መጣ። ልጁ በመኪና አምጥቶ ከነሻንጣው በር ላይ አወረደው፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። «አክስቴ፣ ለጊዜው ነው። የእኛ ቤት ደረጃ በዝቶበት ነው» አለኝ። የእኔም ቤት ደረጃ አለው። አሥራ አንድ። እየቆጠርን ወጣን፤ አራተኛው ላይ ቆመ፣ ሰባተኛው ላይ ተቀመጠ።

ከሐኪሙ የመጣውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሊያነብልኝ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ «አምጣው፣ ማንበብ እችላለሁ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ከመቼ ጀምሮ?» አለ። ፊደል ከቆጠርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ፋብሪካው ለሠራተኞች በከፈተው የማታ ትምህርት። እሱ አያውቅም። ጠይቆኝ አያውቅማ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ ልቡ ደክሟል። ውሃ በልክ። እግሩ እንዳያብጥ በየቀኑ ይታይ። ጨው ፈጽሞ የተከለከለ ነው። «ፈጽሞ» ከሚለው ሥር ሁለት መስመር ተሰምሯል።

ከምድጃው በላይ ለጠፍኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ቤት አሁን ሁለቱም አሉ። ሞኙ ማን እንደሆነ አልጽፍም።

ረቡዕ፣ 5

ምስር በካሮት። ያለ ጨው። ሦስት ማንኪያ በላና ሳህኑን ገፋ። «ጠገብኩ፣ ሚጡ።»

በፋብሪካው ምግብ ቤት ሠላሳ ዓመት በየቀኑ ሦስት መቶ ሰው ያበላሁ ሴት ነኝ። የጠገበን ከጠላው ለይቼ አውቃለሁ።

የተረፈውን እኔ በላሁት። እውነቱን ለመናገር እንደ ራሰ ወረቀት ነው።

አርብ፣ 7

ጎመን በድንች። አራት ማንኪያ። ቸኩያለሁ፣ ገበያው ሊበተን ነው፤ ሲበተን ነው ቲማቲሙ የሚረክሰው።

እሁድ፣ 9

ድስቱ ብርድ ልብሱ ውስጥ ነው። እኔ የምጽፈው እንዲህ ሲሆን ነው። ባቄላውን አሳድሬ ዘፍዝፌው፣ ሩብ ሰዓት ያህል አፍልቼው፣ ከነድስቱ በግራጫው ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ጋዝ ሳይነካ በራሱ ሙቀት ሦስት ሰዓት ውስጥ ይበስላል። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። ችግር ነው።

ወንድሜ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ያነባል። ያገኘውን ሁሉ ያነባል። ሽንኩርት የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር አቃንቶ፣ አስተካክሎ ያነባል። አርባ ዓመት ሙሉ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር።

እያየሁት ያ የትምህርት ቤት በር ትዝ አለኝ። አባታችን «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብትማሩ ይበቃል» አለ። እሱ ተማረ። እኔ ምሳውን አበስልና በቆርቆሮ ሣህን ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ። በልቶ ባዶውን በአጥር ያቀብለኛል። «ጣፈጠ» ብሎኝ አያውቅም። ከበሩ በላይ ትልቅ ጽሑፍ ነበረ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ምን ይላል?» አልኩት። «ብነግርሽ አይገባሽም» አለኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ብዬው አላውቅም።

ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ይረሳል ይላሉ። የሚረሱት የተናገሩት ናቸው።

ባቄላውን አምስት ማንኪያ በላ። አንገቱ ቀጥኗል። የሸሚዙ ኮሌታ ይዞርበታል።

ማክሰኞ፣ 11

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ መርፌ በአፏ ይዛ፣ «እትዬ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?» አለችኝ።

«ሰው በቤቴ በረሃብ ሊሞት ነው» አልኳት። «የምግብ ቤት ሴት ቤት! ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

ከመሳቢያዋ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ነገሮች አወጣች። እንደ ልጅ መጫወቻ አራት ማዕዘን ናቸው። «ማጣፈጫ ነው። አንዷን ፈርፍረው ሾርባው ላይ ጣል ነው። የዶሮ ነው።»

«ጨው ተከልክሏል እኮ።»

«ምን ጨው አለው? ዶሮ ነው ስልዎት! ይቺውና ዶሮዋ!» ብላ ካርቶኑን አሳየችኝ። እውነትም ቀይ ዶሮ ናት፣ ቀና ብላ የቆመች። ከጀርባው እንደ ጉንዳን የተሰለፈ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። መነጽሬን ቤት ትቼ ነበር።

ረቡዕ፣ 12

ሳህኑን ጨረሰ። በዳቦ ጠረገው! የበሬ አጥንት ነው ያፈላሁት፣ ሥጋ ሻጩ ለውሻ ብሎ የሚሰጠውን፣ በካሮትና በጎመን አንጓ። እና አንዷን።

«ሚጡ፣ እጅሽ ይጣፍጣል» አለኝ።

ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። ዛሬ ሰማሁት።

ቅዳሜ፣ 15

ሙሉ ካርቶን ገዛሁ። አሥራ ሁለት አለው። የራሴን ሻይ ያለ ስኳር ብጠጣ ይካካሳል።

ወንድሜ ምሳ ላይ፣ «ምን አደረግሽበት?» አለ።

«ሙያ ነው። አንተ መዝገብህን እወቅ።»

ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ልክ እንደ አባታችን ይነቀነቃል። «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል» አለና እስከ መጨረሻው በላ። ምን አመጣው ይህን ተረት? አልጠየቅኩትም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ፣ 20

ጫማው አልገባለት አለ። ብርዱ ነው፣ ቆዳ በብርድ ይሰበሰባል። በነጠላ ጫማ ዋለ።

ሁለት ሳህን ሾርባ በላ። ሁለት!

እሁድ፣ 23

ሾርባውን ስቀምስ ምላሴ የሚያውቀው ነገር ያለበት መሰለኝ። አጥንት የራሱ ጣዕም አለው። ዶሮም አለው። ሳህኑ እንደሆነ ባዶውን ነው የሚመለሰው።

ቁርጭምጭሚቱ ላይ ካልሲው ቦይ አውጥቶበታል። ብዙ ስለሚቀመጥ ነው። «ተንቀሳቀስ እንጂ፣ ሰውዬ» እለዋለሁ። ቤቱን አንድ ጊዜ ዞሮ እያለከለከ ይቀመጣል።

ማክሰኞ፣ 25

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ ግን ዓይኗ እንደ ፖሊስ ነው። ሚዛን ላይ አቆመችው። አራት ኪሎ ጨምሯል። እኔ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ! «ምግቤን እየበላ ነዋ» አልኳት። እሷ እግሩን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷ የነበረበት እንደ ሊጥ ጎድጎድ ብሎ ቀረ።

«ይሄ ሥጋ አይደለም፣ እማማ። ውሃ ነው። ጨው ይሰጧቸዋል?»

«አንዲት ቅንጣት! ቤቴ ውስጥ ያለውን ጨው ለጎረቤት ሰጥቼ ጨርሻለሁ! እኔን እንዲህ...»

«ከውጭ አይበሉም?»

«ደረጃውን ወርዶ ነው ከውጭ የሚበላው?»

ወንድሜ ካልሲውን እየለበሰ፣ «እውነቷን ነው፣ ልጄ» አለ። «ወረቀቱን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። እንደ እሷ የሚጠነቀቅ የለም።»

ነርሷ የመድኃኒቱን መጠን ጨመረች። እንደ ሌባ መጠየቄ አቃጥሎኝ መንገድ ሙሉ ሳጉረመርም መጣሁ። እሱ ክንዴን ይዞ ቀስ እያለ ተከተለኝ።

ቅዳሜ፣ 29

ሳል። ጋደም ሲል ይታፈናል። ሦስት ትራስ ደርድሬለት ተቀምጦ ያድራል። ዛሬ አጥንቱን አወፍሬ፣ ማጣፈጫውንም ሁለት አድርጌ። ኃይል ያስፈልገዋል።

ሰኞ፣ 1

ወሩ ገባ። ድስቱ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው፣ የምጽፈው ግን የለኝም። የማታ አስተማሪያችን፣ «የምትጽፉት ሲጠፋችሁ እጃችሁ ላይ ያለውን ገልብጡ፤ እጅ እንዳይረሳ» ይለን ነበር። እጄ ላይ ያለው አዲሱ ካርቶን ነው። መነጽሬን አድርጌያለሁ።

ጣፋጭ የዶሮ ማጣፈጫ። አንዱ ፍሬ ለአራት ሰው። በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። የተሠራበት፦ ጨው፣

ረቡዕ፣ 3

የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው። ከሁሉ በፊት። ዶሮው መጨረሻ ላይ ነው ያለው፣ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም።

ሰኞ ዕለት ድስቱን ከነብርድ ልብሱ ይዤ ወርጄ ሾርባውን ቦይ ውስጥ ደፋሁት። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት፣ «እትዬ፣ ምነው? አረረብዎት?» አለች። «አዎ፣ አረረ» አልኳት። በእሷ ላይ ምን አለኝ? እሷ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ቆጥሬያለሁ።

ዓይኔስ ይሁን። ምላሴስ? ሠላሳ ዓመት ለሦስት መቶ ሰው ጨው ያመጣጠነ ምላስ! ነግሮኝ ነበር። እሁድ 23 ላይ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት፣ እዚያው ተጽፏል። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ፤ ባዶ ሳህን ለማየት ብዬ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ትናንት ምስር ቀቅዬ፣ ሎሚ ጨምቄበት፣ አቀረብኩለት። ማንኪያውን አፉ ውስጥ አድርጎ ቆየ። ዋጠ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«አነበብሽው?» አለኝ።

«ምኑን?»

ሲያነበው የከረመውን መጽሐፍ ከፈተ። በመሀሉ፣ ያነበበው ገጽ ላይ፣ የመጀመሪያው ካርቶን ተጣጥፎ ተቀምጧል። ቀይዋ ዶሮ ቀና ብላ ታየኛለች። ወንድሜ ያገኘውን ሁሉ እንደሚያነብ እየጻፍኩ ነበር እኮ! እንዴት አላሰብኩትም?

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ማንኪያ። ጨው የናፈቀው ሰው ጨው ይስተዋል እንዴ?»

«ነርሷ ስትጠይቀኝ አጠገቤ ነበርክ! ስምል እየሰማህ!»

«ለዚያ ነው የመሰከርኩልሽ።»

«ለምን አልነገርከኝም? እየገደልኩህ ለምን ዝም አልክ?»

«ሳህኑን ስጨርስ ፊትሽ...» አለና ተወው። «አንቺ አላየሽውም እንጂ። ልጅ ሆነሽ እንኳ እንደዚያ ስትስቂ ትዝ አይለኝም» አለ።

ተነሥቼ ቆምኩ። ምን እንዳልኩት አስታውሳለሁ፣ ልጻፈው። «አሁንም አላነበብክልኝም። ያኔም አላነበብክልኝም፣ ዛሬም አላነበብክልኝም» አልኩት። በሩን ዘግቼበት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰባተኛው ላይ።

ቅዳሜ፣ 6

አልተነጋገርንም። አበስላለሁ፣ አቀርባለሁ። ያለ ጨው ማብሰል ሌላ ሙያ ነው፤ የእኔ ሙያ ጨው ኖሯል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት እስኪጠቁር ማመስ። ነጭ ሽንኩርቱን መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ አለመጨመር። ቲማቲሙን ፀሐይ ላይ ማኮማተር። የሎሚውን ልጣጭ መፈቅፈቅ፤ እንኳን ጭማቂው፣ የምንጥለው ልጣጩም ይጣፍጣል። ይህን ከአንድ ወር በፊት ብሠራው ኖሮ። አልሠራሁትም፤ አቋራጩ በወርቃማ ወረቀት ተጠቅልሎ መጣልኝ።

ስድስት ማንኪያ።

ትናንት ነርሷ ጋ ሄጄ ነገርኳት። ብቻዬን። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም፤ ያ ባሰ። «ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚሳሳተው፣ እማማ» አለች። ሆስፒታል ይተኛ እንደሆነ ስጠይቃት፣ እዚያው በስልክ ብትጠይቀው እንቢ አላት። «እህቴ ጋ ነው የምሆነው» ብሏል። እህቱ ያላነጋገረችው ቀን ነበር።

ማክሰኞ፣ 9

ዛሬ ከአልጋው ሆኖ፣ «ሚጡ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ አምጪ» አለኝ።

«ለምን?»

«አምጪው እንጂ!»

የዘይቱን ጠርሙስ፣ የሩዙን ከረጢት፣ የክብሪቱን ቀፎ፣ የኮምጣጤውን ብልቃጥ አልጋው ላይ ደረደርኩ። ሱቅ የከፈትን መሰልን። «ከጀርባው ጀምሪ» አለኝ። «ከፊት ያለውን ሊሸጥልሽ የፈለገ ነው የጻፈው። እውነቱ ከጀርባ ነው፣ በደቃቁ።» ያበጠ ጣቱን ከፊደሉ ሥር አድርጎ ቀስ እያለ ገፋው፤ እኔም ተከተልኩት። ስሳሳት አያርመኝም። ጣቱ ብቻ እዚያው ይቆማል። ተመልሼ አነባለሁ፣ ይንቀሳቀሳል።

ክብሪቱ ላይ ስንደርስ ትንፋሹ አጠረ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ያን የትምህርት ቤት በር ታስታውሺዋለሽ?» አለኝ።

የረሳው መስሎኝ ነበር።

«እኔም ማንበብ አልቻልኩም ነበር» አለ። «ሁለት ዓመት ተምሬ አንድ ቃል መግጠም አቅቶኝ ነበር። አንቺ ደግሞ ያን ሳህን ይዘሽ እንደ ሊቅ ቆጥረሽ ታዪኛለሽ። አፈርኩ።»

«በኋላስ? በኋላ ቻልክ አይደል?»

«ቻልኩ።»

«ታዲያ ለምን ተመልሰህ አልነገርከኝም?»

ጣቱን ከፊደሉ ሥር መለሰ። ይቅርታ አላደረግኩለትም፤ ክብሪቱን ማንበብ ቀጠልኩ። ጣቱ ግን እስከ መጨረሻው መስመር አብሮኝ ሄደ።

ሐሙስ፣ 11

በረደው። በሁለት ብርድ ልብስም ይንቀጠቀጣል። የድስቱን ብርድ ልብስ አምጥቼ ደረብኩለት። «የምን ሽታ ነው? ባቄላ ባቄላ ይላል» አለ። «አንተም ልትበስል ነው፣ ዝም በል» አልኩት። ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነ።

ድስቱ ምድጃው ላይ እስኪበስል ይቆይ። ጋዙ ይለቅ።

እሁድ፣ 14

ጥሩ ቀን ነው። ፀሐይ ወጣ። ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ ጢሙን ላጨሁት።

ባቄላ በደረቀ ቲማቲም፣ የጠቆረ ሽንኩርት፣ የሎሚ ልጣጭ። ሳህኑን እያየሁ ላለመቆም ወጥ ቤት ገባሁ። ስመለስ ባዶ ነው። መስኮቱን አየሁ፣ ትራሱ ሥር ዳሰስኩ። ደፍቶት እንደሆን ብዬ። በልቶታል። ከንፈሩ ላይ ዘይት አለ።

«ምንም አልጎደለውም» አለኝ።

«ውሸታም!»

«እሺ፣ ጨው ጎድሎታል። ሌላ ምንም አልጎደለውም።»

«ጋሼ፣ ልጨምርልህ?» አልኩት።

ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማሁት። እሱም ሰማ። ሳህኑን ዘረጋልኝ፣ ግን ማንኪያውን የሚይዝበት አቅም አልነበረውም። እኔ አጎረስኩት። ሁለት ማንኪያ። እነዚህን አልቆጥራቸውም፤ የበላቸው ለእኔ ብሎ ነው።

ሰኞ፣ 15

ጠዋት ሻይ ይዤ ገባሁ።

ዛሬ ምንም አልበሰለም።

አርብ፣ 19

ሰው መጥቶ ሄደ። ልጁ አልቅሷል፣ እውነተኛ ልቅሶ ነው፤ ደረጃውን ወጥቶ ያየሁት ዛሬ ነው። እጄን ስሞ፣ «አክስቴ፣ የአባቴን አደራ ተወጥተሻል» አለኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «ሻይ ጠጣ» አልኩት።

ነርሷ መጥታ ነበር። ጥግ ይዛኝ፣ «ልባቸው ከመምጣታቸውም በፊት ያለቀ ነበር። ቢበዛ አንድ ወር፣ ሁለት ወር ነው የሚለያየው» አለች። ልታጽናናኝ ነው። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። የነበረን ጊዜ ሁሉ ያው አልነበረም እንዴ?

ልብስ ሰፊዋ ሁሉም ከወጡ በኋላ ሳህን እያጠበችልኝ፣ «ያቺ ማጣፈጫ ግን ባትኖር ምን ይበሉ ነበር፣ አይደል እትዬ?» አለች። ዓይኗ በእንባ ቀልቷል።

«አዎ» አልኳት። «ጠቅማዋለች።»

ካርቶኑ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለ ነው። ሊጨርሰው አርባ ገጽ ያህል ቀርቶት ነበር።

እሁድ፣ 28

ሱቅ ሄድኩ። ምስር፣ ዘይት፣ ክብሪት። ባለ ሱቁ ሳልጠይቀው ያቺን ካርቶን ከመደርደሪያ አወረደልኝ። «እማማ፣ የለመዷት።»

መነጽሬን አወጣሁ። ገልብጬ ጣቴን ከፊደሉ ሥር አደረግኩ። ጨው አለው። መለስኩለት። አረንጓዴውን ሰጠኝ። ጨው አለው። ሌላ አመጣ፤ እሱም አለው።

«እማማ፣ ሰው እየጠበቀ ነው እኮ!»

ከኋላዬ አንዱ ደግሞ፣ «የፍርድ ቤት ወረቀት አስመሰሉት!» አለ። ሰዎቹ ሳቁ።

«ይጠብቁ» አልኩ። «እያነበብኩ ነው።»

ከታች፣ አቧራ ከጠጣው መደርደሪያ፣ ተፈጭቶ የታሸገ የደረቀ ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት አገኘሁ። ጨው የለበትም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጣቴ አንድም ቦታ አልቆመም።

«ይሄ አይጣፍጥም፣ እማማ፤ የበሽተኛ ነው» አለኝ ባለ ሱቁ።

«አውቃለሁ። ስጠኝ» አልኩት።

ግራጫውን ብርድ ልብስ አጥቤ ዛሬ ነው የደረቀው። ድስቱ ውስጡ ነው። ምስሩን የለካሁት ለሁለት ሰው እንደሆነ ያየሁት አሁን፣ ይህን ስጽፍ ነው።